ወገቤን አትጠይቁኝ

ሸዋ ሮቢት ላይ ቀትር ሲሆን ሁሉም ነገር ካለበት ፈቀቅ ያለ ይመስላል። በምዕራብ በኩል የተጋረጠው ተራራ፣ እኔ የተወለድኩባት ደብረ ሲና ከነጉሟ የተቀመጠችበት፣ በሙቀቱ ውስጥ ይንቀጠቀጥና ይደበዝዛል። በዋናው መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። ውሾች እንኳ መጮህ ይተዋሉ። ያን ሰሞን እኔ ግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ስር በተዘረጋ የጠፍር አልጋ ላይ እተኛ ነበር፤ እንቅልፍም አይደለም፣ ንቃትም አይደለም። በቅጠሎቹ መሃል የሚወርደው ብርሃን ፊቴ ላይ ይመላለሳል፣ ከመስኖው ማሳ የቀይ ሽንኩርት ሽታ ይመጣል፣ ከአጥሩ ወዲያ ሰዎች ይነጋገራሉ።

«ዛሬስ እንዴት ናት?»

«ያው ናት።»

ስለ እኔ ነው። በዚያ አልጋ ላይ ከዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ አሁን ሳስታውሰው ግን አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ እንጂ ዓመት አይመስለኝም።

ነገሩ የመጣው በባጃጅ ነው። ባለቤቴ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ እኔ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሁልጊዜ በሩ ላይ ይጠብቀኝና ወደ ቤት ይወስደኝ ነበር። አንድ ቀን የወንዙ ድልድይ ጋ ስንደርስ ከጀውሃ በኩል የመጣ አይሱዙ መንገዱን ሞልቶ መጣብን። ባለቤቴ ሊሸሸው ብሎ ከአስፋልቱ ጠርዝ ወጣና ባጃጁ በጎኑ ተጋደመ። እሱ ክርኑ ተላጠ፣ እኔ ወገቤን ተመታሁ። ራጅ ተነሳሁ፤ የተሰበረ አጥንት አልተገኘም። ትንሽ ተኝተሽ ይሻልሻል ተባልኩ። እብጠቱ ሄደ፣ የበለዘውም ጠፋ፤ ህመሙ ግን እንግድነቱን ረስቶ ቤተሰብ ሆነ።

ያልሞከርኩት የለም። መርፌ ተወጋሁ፣ ክኒን ዋጥኩ፣ ወጌሻ አሸኝ፣ ጠበል ተጠመቅሁ። ሁሉም ለሰሞኑ ደህና ነበሩ። ስለ ጠበሉ ክፉ አልናገርም፤ ወጌሻውን ግን ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘው የምለው አለኝ።

ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ያደረገልኝን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ውሃ በጀሪካን የሚያመጣው እሱ ነው፣ ልብስ የሚያጥበው እሱ ነው፣ ትራሴን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ከአልጋዬ ልነሳ ስል ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ክንዴን ይይዛል። የጎረቤት ሴቶች የእሱን ስም እየጠሩ ባሎቻቸውን ይነዘንዙ ነበር። ጠዋት ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «አመመሽ?» ነው። ለምሳ ሲመጣ «አመመሽ?»፣ ማታ ሲገባ «አመመሽ?»። የሚገርመው፣ አንዳንድ ጊዜ የዛፉን ቅጠል እያየሁ ወገቤን ረስቼው እቆያለሁ፤ ሲጠይቀኝ ህመሙን ሄጄ አየዋለሁ፣ አለ። «አዎ፣ አመመኝ» እለዋለሁ። ፊቱ ይጠቁራል፣ ሮጦም አንድ ነገር ያመጣልኛል።

አንድ ነገር ብቻ አያደርግም ነበር፤ በባጃጁ አያሳፍረኝም። ሐኪም ቤት የምሄድ ቀን የጓደኛውን ባጃጅ ይጠራልኝና እሱ የራሱን ባዶውን እየነዳ ከኋላ ከኋላ ይከተለናል። ዞር ስል ያንን ባዶ ባጃጅ ከአቧራው ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲል አየዋለሁ። ያኔ ይህ ነገር ምንም አልመሰለኝም።

እንዲህ ሆኜ ሳለ አንድ ቀን ርዕሰ መምህራችን መጥቶ ማንጎው ስር ተቀመጠ። ደግ ሰው ነው፤ የመጣበትን ለመናገር ስለቸገረው ዛፉ በደንብ ያፈራ እንደሆነ፣ ትል ይነካው እንደሆነ ጠየቀኝ። በመጨረሻ አወጣው። ክፍሌን የያዘችው መምህርት ጊዜያዊ ናት። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀምር ከተመለስኩ ክፍሉ የእኔ ነው፤ ካልተመለስኩ ለሌላ ቋሚ መምህር ይሰጣል፣ እኔም ወደ መጽሐፍ ክፍል እዛወራለሁ።

«እዚያ ቁጭ ብለሽ ነው የምትሠሪው» አለኝ፣ ማጽናናቱ ነው።

የመጽሐፍ ክፍላችንን አውቀዋለሁ። መስኮቱ አይከፈትም፣ ሙቀቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ነው፣ ሰው የሚመጣው መጽሐፍ ሊወስድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከሥራዬ ሁሉ የምወደው መጎንበሱን ነው። አንድ ልጅ «ሀ»ን ገልብጦ ሲጽፍ ከኋላው ጎንበስ ብዬ እጁን ይዤ አብሬው ስጽፍ፣ ምላሱን አውጥቶ ሲጠበብ፣ ሲሳካለት ቀና ብሎ ሲያየኝ። ይህን ልነጠቅ ነው። ርዕሰ መምህሩ ከሄደ በኋላ አለቀስኩ። ባለቤቴ ሮጦ መጣ።

«አመመሽ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሆስፒታል ወዳለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሄድኩት። ከደጋ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ታናሽ ወንድሜን የሚያክል ወጣት ነው። ቆላው አልተስማማውም፤ እያናገረኝ ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል። ያሸኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሰጠኝና ስለ ውሎዬ ይጠይቀኝ ጀመር። መቼ እንደምተኛ፣ ውሃ ማን እንደሚያቀብለኝ፣ ሲያመኝ ምን እንደማደርግ፣ ሲያመኝ ሌላው ሰው ምን እንደሚያደርግ። ተናደድኩ። እኔ የመጣሁት ወገቤን ላሳይ እንጂ ስለ ቤቴ ልናዘዝ አልነበረም።

«ጉዳቱ ድኗል መምህርት» አለኝ። «የቀረው ህመሙ ነው። የውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ እንደሚያምዎት አውቃለሁ። ግን መተኛቱ እየቀለበው ነው።»

«ታጠፋልኛለህ?»

«እሱን ቃል አልገባልዎትም።»

«ታዲያ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«ወደ ክፍልዎ መመለስ ይፈልጋሉ አይደል? እሱን እንሞክር። እያመመዎትም ቢሆን።»

እያመመዎትም ቢሆን! ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ነበር። ደግነቱ እንደ ልቤ ቶሎ መነሳት አልችልም፤ ተደግፌ እስክቆም ድረስ ንዴቴ በረደና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የሰጠኝ መድኃኒት መንገድ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከቤት ተነስቼ እሱ እስከወሰነልኝ ቦታ እሄዳለሁ። ደህና በሆንኩ ቀን ከዚያ አላልፍም፣ ባመመኝ ቀንም ከዚያ አልቀርም። ቦታውን እያደር የሚያርቀው እሱ ነው። ቀን መተኛት የለም። ይህን የሚጀምር ሁሉ እንደማይጨርሰውም አልደበቀኝም። ህመሙ ጨርሶ እንዲጠፋ የሚጠብቅ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል አለኝ። ቀጥሎ ትንሽ አሰበና፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚያቃናውም የሚያበላሸውም አብሮ የሚኖረው ሰው ነው አለኝ፤ የቤቴን ሰዎች ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ።

የቤቴ ሰዎች ባለቤቴና አማቴ ናቸው። አማቴ ዕድሜያቸውን በቀወት ገጠር ያሳለፉ ገበሬ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ባለሙያው ሁለቱንም አስቀምጦ አስረዳ። ህመሟን አትጠይቋት። ስታቃስት አትሩጡ። የምትችለውን ሥራ ከእጇ አትንጠቋት። ስትንቀሳቀስ፣ ስትሠራ ግን አጠገቧ ሁኑ፣ አጫውቷት።

«ጨክኑባት ማለቴ አይደለም» አለ፣ ባለቤቴን እያየ።

ባለቤቴ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ ወለሉን ያያል። አማቴ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

«ታዲያ ጠዋት ምን ብዬ ነው ከቤቴ የምወጣው? በሽተኛ አስተኝቼ፣ እንዴት አደርሽ ሳልላት?»

«እንዴት አደርሽ ይበሏት እማማ። ወገቧን ብቻ ተዉት። ስለ ገበያው፣ ስለ ልጆቹ ያንሱላት።»

አማቴ ይህን ሰምተው ተነሱ። ነገሩ ከብዷቸዋል። እኛ ጋ በሽተኛ የማይጠይቅ ሰው ከጎረቤት አይቆጠርም፤ ታምሜ አልጠየቀኝም ተብሎ የተኳረፈ ዘመድ ስንት አለ። በአማቴ ዓይን በሰፈር ውስጥ ህመሙ የማይጠየቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የዳነ ነው። ይህን ለእኔ አልነገሩኝም። እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ዋርካ ስር ቆመው ለሴቶቹ ሁሉ ነገሩ፤ ምራቴን እግዜር ማረልኝ አሉ።

እኔ በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ማንጎው ስር ቁጭ ብዬ፣ እንዳልተኛ ከራሴ ጋር ስጣላ፣ የግቢው በር ተከፈተ።

«እንኳን እግዜር ማረሽ! እንኳን ለዚህ አበቃሽ!»

የመጀመሪያዋ ሴት ጉንጬን አገላብጣ ስትስመኝ አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ዳቦ ይዛለች። ከኋላዋ ሌሎች አሉ፣ ከእነሱም ኋላ ሌሎች። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ፓፓያ በፌስታል ይዛ መጣችና «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን አላህ ዓፊያ አደረገሽ እህቴ» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከልቧ ነው፤ እንባዋን አየሁት። ወገቤ በዚያች ደቂቃ እየጠዘጠዘኝ ነው። ምን ልበል? በሰው ሁሉ ፊት እግዜር አልማረኝም ልበል? አማቴን በዓይኔ ፈለግኋቸው። ጠላ እየቀዱ ነው፤ ወደ እኔ አይዞሩም።

እንኳን ማረሽ የተባለች ሴት ደግሞ እንግዶቿን ተኝታ አትቀበልም። ተነሳሁ። ማንቆርቆሪያውን አንስቼ በየተራ አስታጠብኳቸው። ጎንበስ ስል ያመኛል፣ ቀና ስል ያመኛል፤ ሴቶቹ እያዩኝ «ተመስገን» ይላሉ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። በሙቀቱና በጫጫታው መሃል ሳልፍ የሌላ ሴት ድግስ በህልሜ የማይ መሰለኝ።

ሲሄዱ ግን ከህልሜ ነቃሁ።

«እማማ! ማን ዳነች አለዎት?»

«አትጠይቋት አለ ያ ልጅ። እኔ አንድ ሰው ነኝ። የሰፈሩን አፍ በምን ልያዘው? የዳነ ሰው ነው የማይጠየቀው።»

«አልዳንኩማ!»

«እሱን እግዜር ያውቃል» አሉና ብርጭቆ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ለባለሙያው ስነግረው መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሳቁን ሲጨርስ «እኔ ቤተሰብ ማዘዝ እችላለሁ» አለኝ፤ «ሰፈር ማዘዝ ግን አልችልም ነበር።»

እውነቱን ነው። ከዚያ እሑድ ወዲህ ወገቤን የሚጠይቀኝ ጠፋ። ሰዉ ሌላ ሌላ ነገር ይጠይቀኝ ጀመር፤ ለቅሶ ትመጫለሽ አይደል፣ ለማኅበሩ ዳቦ ማን ይጋግር፣ ልጄ ማንበብ እንቢ አለኝ ምን ላድርግ። አቤት፣ እንዴት ብቻዬን ነበርኩ ለካ!

ቀን ላይ አልጋው ይጠራኛል። ነገር ግን በግቢያችን በር በኩል የሚያልፍ ሰው ተኝቼ ቢያየኝ የእግዜርን ስጦታ እንደመለስኩ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከማሾው እህል ጠጠር እለቅማለሁ፤ ሲሰለቸኝ ተነስቼ እዞራለሁ። በአማቴ ላይ ለብዙ ጊዜ ተቀይሜ ነበር፤ ማሾውን ግን አብረን ነው የምንለቅመው።

ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ። ያ ሰዓት የህልም ጭራ ነው። ጉሙ ከደብረ ሲና ወርዶ ተራራው ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ይቀልጣል። በመስኖው ቦይ ውሃው ብቻውን ያወራል። መጀመሪያ የተወሰነልኝ ቦታ የጎረቤት ኒም ዛፍ ነበር፤ ከዚያ ወፍጮ ቤቱ፤ ከዚያ የማሾ ማሳው ጫፍ። አንድ ቀን በጣም ደህና ሆኜ ተነሳሁና ትዕዛዙን ጥሼ ሩቅ ሄድኩ፤ እንደ ልጅነቴ እጄን እያወዛወዝኩ። በማግስቱ ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ። እያለቀስኩ እስከ ማሳው ጫፍ ሄጄ ተመለስኩ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ እስከዚያ ድረስ መሄዴን የሚወስነው ህመሙ ነበር፣ አሁን ግን ሳያስፈቅደኝ ቢመጣም እኔም ሳላስፈቅደው ወጥቻለሁ። አብረን ሄድን፣ አብረን ተመለስን።

በመጨረሻ ቦታው ከድልድዩ ማዶ ያለው የትምህርት ቤታችን በር ሆነ። ድልድዩ ላይ ስደርስ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ወንዙ ቀጥኖ በድንጋዮቹ መሃል ያበራል፤ ነጭ ወፎች ቆመዋል። ምንም አልተሰማኝም፤ ተሻገርኩት።

ቤት ውስጥ ግን አንድ ሰው እየራቀኝ ነበር። ባለቤቴ ትዕዛዙን እንደ ጾም ያዘው። «አመመሽ?» ከአፉ ጠፋ፣ በቦታው ግን የሚተካው ቃል አላገኘም። ጀሪካን ሳነሳ እጁ ይንቀሳቀስና ተመልሶ ኪሱ ይገባል። ባለሙያው አጫውቷት ብሎት ነበር፤ እሱ ግን ማልዶ ይወጣል፣ አምሽቶ ይገባል። ሲገባ ደህና እንደዋልኩ ጠይቆ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ጥያቄው ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? ናፈቀኝ። ስታመም ወደደኝ፣ ስነሳ ተወኝ እያልኩ ውስጥ ውስጡን እበግን ነበር። አንዳንድ ጠዋት ዝም ብዬ አልጋው ላይ ብቀር፣ ባቃስት፣ ሮጦ ይመጣ ነበር እኮ እላለሁ። ያን ጊዜ ብተኛ ኖሮ ክፍሌም አብሮኝ ተኝቶ ይቀር ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢ ውስጥ ባጃጁን ሲያጥብ አየሁት። ውጭውን አጥቦ ጨርሷል። አሁን የኋላውን ወንበር፣ ድሮ እኔ የምቀመጥበትን ጥግ፣ በጨርቅ እያሸ ነው፤ ያሸዋል፣ ውሃ ያፈስበታል፣ መልሶ ያሸዋል። ንጹሕ ነው። አማቴ አጠገቤ ቆመው ያዩት ነበር።

«ሰዉ ሁሉ እንኳን ማረሽ ሲልሽ እሱ ብሎሻል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አላለኝም። ቆሜ ወደ ኋላ አሰብኩ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እሱ ብቻ አላለኝም። ከአቧራው ውስጥ ይከተለኝ የነበረው ባዶ ባጃጅ ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ «አመመሽ?» ወገቤን የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬስ ትጠይኛለሽ ወይ ነበር የሚለኝ፤ እኔም በየቀኑ አዎ፣ አመመኝ ስለው ኖሬያለሁ። ሁለታችንም አላወቅንም። ያን ሳይጠይቀኝ ሲቀር ደግሞ ምን ብሎ ይቅረበኝ? ሄጄ ላቅፈው ፈለግሁ፤ እሱ ግን ጨርቁን ጥሎ ገባ።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀምር ክፍሌ ገባሁ። ልጆቹ ጮኹ። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ፤ ህመሙም አብሮኝ ቆመ፣ ልክ እንደ አዲስ ተማሪ ዝም ብሎ። ከእረፍት በኋላ አንዲት ልጅ «ሠ»ን አጣምማ ጻፈች። ከኋላዋ ጎንበስ ብዬ እጇን ያዝኩ። ወገቤ ወጋኝ። ቀና አላልኩም፤ ጽፈን ጨረስን።

ስወጣ ባጃጆች በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ባለቤቴ አለ። እንደ ልማዱ ጓደኛውን በእጁ ጠርቶልኛል፤ የጓደኛው ባጃጅ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። አልፌው ሄድኩና የባለቤቴ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ጥጌን ይዤ ተቀመጥኩ። ጓደኛው ሳቀ። ባለቤቴ ግን መሪውን ይዞ ደረቀ።

«ወደ ቤት» አልኩት፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ።

ነዳ። ቀትሩ አላለፈም፤ አስፋልቱ ላይ ውሃ የሚመስለው ነገር ከፊታችን እየሸሸ ይሄዳል። ከኋላ የመጣ ሁሉ ያልፈናል፤ የአህያ ጋሪ ሁሉ አለፈን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጨርሶ ቆመ። ከኋላችን ክላክስ ይጮኻል። በመስታወቱ ዓይኑን አየሁት፤ ከንፈሩ ተከፈተ፤ ጥያቄው እዚያ ነበር። ዋጠው።

«ያመኛል» አልኩት፣ ሳይጠይቀኝ። «ነገም ሊያመኝ ይችላል። አንተን ግን ያን ቀንም አልጠላሁህም፣ ዛሬም አልጠላህም። ንዳ።»

ፊቱን በክንዱ ጠረገና ነዳ።